ለስላሳ ምት፤ ሽማግሌውና ወጣቱ እኩል የሚቆሙበት የጨዋታ ስልት

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፥ በፋርጣ፥ በእስቴና በጋይንት፥ በገና ሰሞን ሜዳ ወጥቶ ጨዋታውን የተመለከተ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከሩቅ ሲታይ ነገሩ የጉልበት ብቻ ይመስላል፤ ዱላ ይነሣል፥ ሩር ትጮኻለች፥ አቧራ ይቦናል፥ ሕዝብ ይራወጣል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ሩሯን ባለ በሌለ ኃይሉ አርቆ የሚጠልዛት ጎበዝ ብዙ ጊዜ ለተቃራኒው ወገን አሳልፎ ይሰጣታል። ወገኑን የሚጠቅመው በዱላው ቆልማማ ጫፍ ሩሯን እያባበለ፥ እያዘገመ፥ ከሰው እግር መካከል አውጥቶ ለባልንጀራው የሚያቀብላት ሰው ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ዕድሜው የገፋ፥ ጉልበቱም የቀነሰ ሆኖ ይገኛል።

የገናውን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከባሕር ማዶ ለበዓል የሚመለሱ ዘመዶች ከሚያመጧቸው ጨዋታዎች አንዱን፥ ይህንኑ የሚያባብል እጅ ከሌላው ሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን፥ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት ስለ ፈለግን ነው። ጨዋታው ፒክልቦል ይባላል። ሕጉን መማር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ለስላሳውን ምት መማር ግን ወራት ይፈጃልና፥ የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ በምቱ ላይ ይሆናል።

አስቀድመን ስለ ትውልዱ ጥቂት እንበል። በ1957 ዓ.ም. ክረምት፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965፥ በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከሲያትል ከተማ ማዶ ባለችው በቤንብሪጅ ደሴት፥ ጆኤል ፕሪቻርድ የተባሉ የክፍለ ግዛቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ከወዳጃቸው ከቢል ቤል ጋር ጎልፍ ተጫውተው ወደ ቤት ሲመለሱ፥ ቤተሰቡ የሚሠራው አጥቶ ተሰላችቶ አገኙት። በግቢው የባድሚንተን ሜዳ ነበረ፤ ዕቃው ግን የተሟላ አልነበረም። ስለዚህ የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻና ቀዳዳ የበዛባት የፕላስቲክ ኳስ ፈልገው ጨዋታ ጀመሩ። መረቡ መጀመሪያ በባድሚንተኑ ልክ 60 ኢንች ከፍ ብሎ ነበረ፤ ኳሷ በመሬቱ ላይ በደኅና እንደምትነጥር ባዩ ጊዜ ወደ 36 ኢንች አወረዱት። በሚቀጥለው የሰንበት ሰሞን ባርኒ ማካለም የተባሉ ሦስተኛ ወዳጅ ተጨመሩና ሦስቱ አብረው ሕጉን አወጡ። አሳባቸውም ሕፃን፥ እናት፥ አባትና አያት በአንድ ሜዳ የሚጫወቱት ነገር ለማግኘት ነበር። ፕሪቻርድ ኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት እንደራሴ፥ ከዚያም የክፍለ ግዛቱ ምክትል አስተዳዳሪ ሆነዋል፤ ክፍለ ግዛቱም በ2014 ዓ.ም. ጨዋታውን የራሱ የስፖርት መታወቂያ አድርጎ በሕግ አጽድቋል።

ስለ ስሙ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። አንዱ ወገን የባለቤታቸው የወይዘሮ ጆአን አሳብ ነው፥ ከልዩ ልዩ ጀልባ ከተረፉ ቀዛፊዎች ለሚሞላ የውድድር ጀልባ ከሚሰጠው ስም የተወሰደ ነው ይላል። ሌላው ወገን ፒክልስ ከሚባል ከቤቱ ውሻ ስም ነው ይላል። ቤተሰቡ በበኩሉ ውሻው የመጣው ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው ሲል መልስ ሰጥቷል። እኛ በችሎት መዝገብ ስንጽፍ ከዚህ የማይሻል ክርክር ብዙ ሰምተናልና ፍርዱን ለአንባቢው እንተዋለን።

ሜዳው ርዝመቱ 13 ሜትር ከ41 ሳንቲም፥ ወርዱ 6 ሜትር ከ10 ሳንቲም ነው። መረቡ በሁለቱ ዳር 91 ሳንቲም፥ በመካከል 86 ሳንቲም ይሆናል። ከመረቡ ወዲህና ወዲያ እስከ 2 ሜትር ከ13 ሳንቲም ያለውን ቦታ አሜሪካኖች ማድ ቤት ይሉታል፤ እኛ ጓዳ ብንለው የሚሻል ይመስለናል። ጓዳ ውስጥ ቆሞ ገና ያልነጠረችን ኳስ በአየር ላይ መምታት ክልክል ነው። ከመስመሩ ውጭ ሆኖ መትቶ እንኳ በምቱ ግፊት ተንደርድሮ እግሩ ወደ ጓዳ የገባ ሰው ጥፋት ይቆጠርበታል። ኳሷ ጓዳው ውስጥ ከነጠረች ግን ገብቶ ሊያነሣት ይችላል። በአገራችን እንግዳ ሳይጠራ ወደ ባለቤቲቱ ጓዳ እንደማይዘልቅ ሁሉ፥ በዚህም ጨዋታ ጠሪዋ ኳሷ ናት። ይህ ደንብ ባይኖር ኖሮ ቁመተ ረጅሙ ሰው መረቡ ላይ ቆሞ የመጣለትን ሁሉ ቁልቁል እየወገረ ጨዋታውን በአንድ ጊዜ በጨረሰው ነበር።

ሁለተኛው ዋና ደንብ ይህ ነው፤ የጨዋታው ማስጀመሪያ ምት በተቀባዩ በኩል አንድ ጊዜ መንጠር አለበት፤ የመልሱም ምት በአስጀማሪው በኩል እንደዚሁ መንጠር አለበት። ከዚያ በኋላ ነው በአየር ላይ መምታት የሚፈቀደው። በቀደመው ሥርዓት ነጥብ የሚቆጠረው ለአስጀማሪው ወገን ብቻ ሲሆን፥ አሸናፊው በሁለት ነጥብ በልጦ 11 የደረሰው ነው።

ከእነዚህ ሁለት ደንቦች የለስላሳ ምት ጥቅም በግልጽ ይታያል። ተቀባዮቹ መልሳቸውን እንደ ሰጡ ወዲያው ተራምደው በጓዳው መስመር ላይ ይቆማሉ፤ አስጀማሪዎቹ ግን ኳሷ እስክትነጥር መጠበቅ ስላለባቸው ገና ከሜዳው ጫፍ ናቸው። እንግዲህ ሦስተኛዋን ምት በኃይል ቢመቷት በመስመሩ ላይ ለቆመው ሰው የተመቻቸ ቀለብ ያደርጓታል፤ እርሱም ወደ እግራቸው ይመልሳታል። በለስላሳው ምት ከመረቡ ጥቂት አልፋ በተቃራኒው ጓዳ ውስጥ ብትወድቅ ግን፥ ያ ሰው ከመረቡ በታች ያለች ኳስ ይገጥመዋል። ከመረብ በታች ያለች ኳስ ወደ ላይ ካልተመታች አታልፍም፤ ወደ ላይ በኃይል የተመታች ኳስም ከሜዳ ትወጣለች። ስለዚህ የግዱን እርሱም ለስልሶ ይመልሳል። አስጀማሪዎቹም በዚህ ጊዜ ረጋ ብለው ወደ ፊት ተራምደው ከመስመሩ ይደርሳሉ።

በቀድሞው የበልሃ ልበልሃ ሙግት የቆየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ድምፁን ከፍ አድርጎ በመጀመሪያው ቀን ነገሩን ሁሉ የሚያፈስ ተሟጋች፥ ለባላጋራው የሚይዝበትን ጫፍ ይሰጠዋል። ብልሁ ግን በዝግታ እየጠየቀ፥ የሚመለስ እንጂ የሚያስቆጣ ቃል ሳይናገር፥ ያ ሰው ራሱ ከፍ አድርጎ እስኪናገር ድረስ ይጠብቃል። ለስላሳ ምትም እንደዚሁ ነው፤ ነጥብ የሚገኝባት ራሷ ሳትሆን፥ ሌላው ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ከፍ አድርጎ የሚሰጣት ኳስ ናት።

አሁን ወደ አያያዙ እንምጣ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በመጨበጥ ነው። መምቻውን እንደ መጥረቢያ አንቆ ይይዛል፤ እጁ ሲጠነክር ክንዱ ይጠነክራል፥ ትከሻውም ይደርቃል፤ ኳሷም ከደረቀ መምቻ ተስፈንጥራ ትሄዳለች። አዋቂዎች የጭብጡን ኃይል ከአሥር እጅ ሦስት ወይም አራት እጅ አድርጉት ይላሉ። በእኛ አገር ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አለ። ጠጅ የሞላበትን ብርሌ አንገቱን ይዞ በሰው መካከል የሚያልፍ አሳላፊ አጥብቆ አይጨብጥም፤ ቢጨብጥ ይንቀጠቀጥበታል፤ እንዳይወድቅ በሚበቃ ብቻ ይይዛል። መምቻም እንዲህ ይያዛል። ይህንንም ጨዋታው ሲሞቅ ደግሞ ደጋግሞ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚጠነክረው ጣቱ ነውና።

ስለ ምቱ ደግሞ ለወይዘሮዎች ብዙ ማስረዳት አያሻንም። በሰፌድ እንጀራ ሲያወጡ የሚያደርጉትን ያስታውሱ። ሰፌዱ ከምጣዱ ዳር ገባ ይልና በዝግታ ወደ ፊት ይንሸራተታል፥ ፊቱ ወደ ላይ ተከፍቶ እንጀራውን ይቀበላል፥ ከዚያም ያነሣዋል፤ አይመታውም። ለስላሳ ምት ይህ ነው። የመምቻው ፊት ጥቂት ወደ ሰማይ ይከፈታል፥ ከኳሷ ሥር ይገባል፥ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይገፋታል። ነገር ግን ሰፌድ ሁለተኛ ሥራ እንዳለው አንርሳ፤ እርሱም ማንፈስ ነው። እህል ሲነፈስ አንጓ ይሠራል፤ ቶሎ ቶሎ ይበላል፥ ገለባውን ያስፈነጥራል። በጨዋታው ውስጥ አንጓውን እንደ ማንፈስ የሚያንቀሳቅስ ሰው ኳሷን አንድ ጊዜ በመረብ፥ አንድ ጊዜ ከሜዳ ውጭ እንደ ገለባ ይበትናታል። አንጓ ጸጥ ይበል፤ የሚንቀሳቀሰው ትከሻ ነው።

የትከሻው እንቅስቃሴ እንዴት እንደ ሆነ ደግሞ የቤተ ክህነት ሰዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ቤተ ልሔም የድጓው፥ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕቱ ምስክር ቤቶች ያሉበት ይኸው የእኛው አገር ነው። ዝማሜ የሚዘም ሊቅ መቋሚያውን በአንጓው አይነቀንቀውም፤ ከትከሻው ጀምሮ እንደ ተንጠለጠለ ነገር ይሄዳል፥ ይመለሳልም፤ ፍጥነቱም እኩል ነው። በጓዳው መስመር ላይ ቆሞ የሚመታ ሰው መምቻውን ወደ ኋላ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማያልፍ ያንቀሳቅሰው፤ ወደ ኋላ ብዙ የወሰደው ወደ ፊት ሲመጣ ፍጥነቱን መግታት ያቅተዋል። ኳሷንም ከፊቱ ይገናኛት እንጂ ከጎኑ ወይም ከኋላው እስክትደርስ አይጠብቃት። ከፊት የተገናኙት ኳስ ይታያል፤ ከኋላ የያዙት ግን በግምት ይመታል።

ከእጅ ይልቅ እግር ቸል ይባላል። ብዙ ሰው ወገቡን ብቻ ጎንበስ አድርጎ ኳሷን ከመሬት ይጠልፋል፤ ይህ ጀርባን ይጎዳል፥ ምቱንም ያበላሻል። ጉልበት ይታጠፍ፥ እግሮች በትከሻ ልክ ይከፈቱ፥ ሰውነቱ ራሱ ዝቅ ይበል፤ ኳሷ ከመሬት ስትነሣ ዓይኑ ወደ መረቡ ከፍታ የቀረበ ይሁን። ሲመታም ከነጉልበቱ ብድግ አይበል፤ ምቱ እስኪያልቅ ዝቅ እንዳለ ይቆይ። ለሽማግሌዎችና ለወይዘሮዎች አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። በራስ ላይ ያለፈች ኳስ ለመያዝ ፊትን ወደ መረብ አድርጎ የኋሊት መሮጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በዚህ ጨዋታ ሰው ወድቆ እጁን የሚሰበርበት ዋናው ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ዘወር ብሎ በጎን መራመድ ነው፤ ካልተቻለም ትሂድ። አንዲት ነጥብ የእጅ አጥንት ዋጋ የላትም።

ወዴት ይመታል? ከአንዱ ጓዳ መስመር እስከ ሌላው ድረስ ቀጥታው 4 ሜትር ከ27 ሳንቲም ነው። በሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ግን 7 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ በዚያም ላይ ሰያፉ የሚያልፈው መረቡ 5 ሳንቲም ዝቅ ባለበት በመካከሉ ነው። እንግዲህ ሰያፉ ቦታውም ሰፊ፥ አጥሩም ዝቅተኛ ሆነለት። ጀማሪ በሰያፍ ይመታ፤ ቀጥታውን ቆይቶ ይማር። ኳሷ ስትሄድ የከፍታዋ ጫፍ ከመረቡ ወዲህ፥ በመቺው በኩል ይሁን፤ መረቡን ስታልፍ መውረድ ጀምራ መሆን አለባት። ገና እየወጣች የምታልፍ ኳስ በተቃራኒው ደረት ልክ ትደርሳለች፤ የዚያም መጨረሻው ይታወቃል።

ከሜዳው ጫፍ የሚመታው ሦስተኛው ምት ከሁሉ የከበደ ነው። ያው አያያዝ፥ ያው የተከፈተ ፊት ነው፤ ቅስቱ ግን ይረዝማል። የምንመክረው በአንድ ጊዜ ወደ ጫፉ አለመሄድን ነው። መጀመሪያ በጓዳው መስመር ላይ ሆኖ ሃያ ጊዜ ሳያቋርጡ መቀባበል፤ ይህ ሲሆን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት፤ ከዚያም እንደ ገና ሃያ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከተበላሸ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መመለስ። የድጓ ተማሪ ያልያዘውን አልፎ ወደሚቀጥለው አይሄድም፤ ይህም እንደዚያው ነው። በኃይል የመጣን ኳስ ማለዘብም ሌላ ትምህርት ነው። ያን ጊዜ መምቻውን ጨርሶ ማወዛወዝ አያስፈልግም፤ ጭብጡን ይበልጥ አላልቶ መምቻውን በፊት መያዝ ብቻ ነው። ኳሷ ፍጥነቷን በላላው እጅ ላይ ትጥልና ሞታ ወደ ጓዳው ትወድቃለች።

እዚህ ላይ ባለፈው የገና ሰሞን በደብረ ታቦር በአንድ ወዳጃችን ግቢ ያየነውን ልናወሳ ይገባናል። የቤቱ ባለቤት ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፥ ብዙ ዘመን በዳኝነት የቆዩ አዛውንት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከደጃፋቸው መደብ ብዙም አይነሡም ነበር። ልጃቸው ከሲያትል ስትመጣ መምቻና ኳስ አምጥታ በግቢው መረብ ዘረጋች፤ ከልጅ ልጃቸው ጋርም አጋጠመቻቸው። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን እግር ኳስ የሚጫወት፥ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ሜዳውን የሚጨርስ ጎበዝ ነው። በኃይል ቢመታ አያቱን እንደሚያዋርድ ስለ ገባው፥ አንዱን ኳስ ሆን ብሎ በመረብ ይከታል፥ አንዱን ሆን ብሎ ያሳልፋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «አባባ፥ እሰይ! ያችኛዋን እኮ ቀደሙኝ» አላቸው።

አዛውንቱ መምቻውን በመደቡ ላይ አስቀመጡና ቁጭ አሉ። «ልጄ» አሉት፥ «እኔ በወንበር ስቀመጥ ሰው ሆን ብሎ ሲሸነፍልኝ ለይቼ የማውቅ ነኝ። ከእንግዲህ ልረፍ።»

ልጁ የሚገባበት ጠፋው። እኛም ከወንበራችን ሆነን የምንለው አጣን፤ ሰውዬው የተነሡት በሁለት ዓመት ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነበርና። በዚህ ጊዜ ሴት ልጃቸው፥ «አንተ ልጅ፥ አትዘንላቸው፤ ጓዳቸው ውስጥ ጣልባቸው። አባዬም ጓዳህ ውስጥ ይጣሉብህ። ከመስመሩ ወዲያ ያለው ሜዳ ይቅር» ብላ ከሁለቱ ጓዳ መስመር በኋላ ያለውን ሜዳ ሁሉ ከጨዋታው አወጣችው። አዛውንቱ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ተነሡ። ከዚያ ወዲያ ያየነው ሌላ ጨዋታ ነው። ልጁ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳይሆን ባለ በሌለ ጥንቃቄው ተጫወተ፤ እጁም ለዚህ አልተማረምና ኳሷን እየደጋገመ በመረብ ከተተ፥ ወይም አስረዘማት፤ በዚህ ጊዜ ግን ላቡ እውነተኛ ነበረ። አዛውንቱ አይቸኩሉም። ኳሷን ከመሬት እንደ ተጣለ ነገር ያነሡና ወደ ልጁ ግራ እግር ያስቀምጧታል፤ ደግመው እዚያው፥ ሠልሰው እዚያው፤ ልጁ ወደ ግራ ሲጠጋ በቀኝ ይጥሏታል። የመጀመሪያውን ቀን ልጁ 11 ለ8 አሸነፈ። በማግሥቱ አዛውንቱ 11 ለ9 ረቱ። «ይችንም ሰጥተኸኝ ነው?» ብለው ጠየቁት። «የለም አባባ» አለ ልጁ፥ ላቡን በእጀ ጠባቡ እየጠረገ፤ «ወሰዱብኝ።»

በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲገናኙ ጌትነት ለዚያ ቀን ከሜዳው ውጭ እንደሚቀር የታወቀ ልማድ ነው፤ ሎሌው አይሳሳም፥ ጌታውም አይቆጣም። ባለ ማዕርግ የሆነ ሰው ከበታቹ ጋር ሲጫወት ሁልጊዜ የሚጠረጥረው፥ ይህ ያዛውንቱ ጥርጥር ነው። የጉልበት ጨዋታ ከሆነ ጠንካራው ወይ ያዋርዳል፥ ወይ ያዝናል፤ ሦስተኛ መንገድ አያገኝም። ለስላሳው ምት ግን ምሕረት አይደለም፤ በዚያ ቦታ ከምቶች ሁሉ የሚበረታው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ወጣቱ ሳይሳሳ ሊጫወት፥ ሽማግሌውም ሳያፍር ሊያሸንፍ ይችላል። የሴቫስቶፖል መድፍ በጋፋት የተሠራባት፥ ኋላም በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጎተተባት አገር ስለ ዝቅተኛ ድምፅ ብትማር ምን ይላታል ለሚለን ቀልደኛ መልሳችን ይኸው ነው።

ለእኛ አገር ብቻ የሚነገር አንድ ጉዳይ ቀርቶናል፤ እርሱም አየሩ ነው። ሲያትል በባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ደብረ ታቦር ግን ከባሕር በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳር ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። የፒክልቦል ኳስ ከ22 እስከ 26 ግራም ተኩል ገደማ የምትመዝን፥ ከ26 እስከ 40 ቀዳዳ ያላት ቀላል ነገር ስለ ሆነች፥ በጉዞዋ ላይ የሚያዘገያት አየሩ ነው። አየር ሲሳሳ የሚይዛት ይቀንሳልና፥ በባሕር ዳር ጓዳ ውስጥ ትወድቅ የነበረችው ምት በእኛ ዘንድ መስመሩን አልፋ በተቃራኒው እጅ ትገባለች። የቴኒስ ሹማምንት ከ1219 ሜትር በላይ ላለ ሜዳ ለብቻው የተሠራ ኳስ ወስነዋል፤ ለፒክልቦል ግን ይህ ስለሌለ መድኃኒቱ በእጅ ነው። የምቱን ርዝመት ማሳጠር፥ መውደቂያውንም ከጓዳው መስመር ይልቅ ወደ መረቡ አቅርቦ ማሰብ ያስፈልጋል። ከባሕር ማዶ የመጡ ዘመዶች በመጀመሪያው ቀን ኳሳቸው ሁሉ እየረዘመ ቢያፍሩ አይፍረዱባቸው።

የሲሚንቶ ሜዳ የለንም ለሚሉም መልስ አለን። ለስላሳውን ምት ለመማር የሚያስፈልገው ከጓዳ መስመር እስከ ጓዳ መስመር ያለው ብቻ ነው፤ ይህም 4 ሜትር ከ27 በ6 ሜትር ከ10 ነው። ውቂያ ያለቀበት አውድማ ለዚህ ይበቃል፤ ተደልድሏል፥ ተጠቅጥቋል፥ በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። ኳሷ እንደ ሲሚንቶው ከፍ ብላ አትነጥርም፤ ይህ ግን ጉልበትን ማጠፍ በግድ ስለሚያስተምር አንጠላውም። መረቡም ገመድ ወጥሮ አሮጌ ነጠላ መስቀል ነው፤ ከፍታው ሁለት ክንድ ሊሞላ ግማሽ ስንዝር ያህል የቀረው ይሁን፥ በመካከል ጥቂት ይርገብ። መምቻ ከቀላል እንጨት ሊጠረብ ይችላል፤ ማካለምም የመጀመሪያዎቹን መምቻዎች የሠሩት ከተነባበረ ቀጭን ጣውላ ነበር። ርዝመቱ ከ43 ሳንቲም እንዳይበልጥ፥ ርዝመቱና ወርዱ ሲደመርም ከ61 ሳንቲም እንዳያልፍ ሕጉ ያዛል። የአውድማው ባለቤት እህሉን ሳያገባ ግን ማንም እግሩን እንዳያሳርፍ፤ ፈቃድም ይጠየቅ።

ሰዓቱን በሚመለከት፥ ከጉና በኩል ውርጭ በሚወርድበት በታኅሣሥና በጥር ማለዳ የፕላስቲክ ኳስ ይደርቃል፥ ቶሎም ይሰነጠቃል። ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፥ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይጫወቱ፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ቀላሏ ኳስ አቅጣጫዋን አትጠብቅምና ያቁሙ። ከመጀመርዎ በፊት ኳሷን በእጅዎ ውስጥ አሽከርክረው በቀዳዳዎቿ መካከል ስንጥቅ እንዳለ ይፈትሹ፤ የተሰነጠቀች ኳስ ስትነጥር ድምጿ ይለወጣል፥ ወዳልታሰበበትም ትሄዳለች። መለዋወጫ ሁለት ኳስ በመደቡ ላይ ይቀመጥ፤ ውሻ ካለም ይታሰር።